ለሔዋን ያልደረሰው ዕጣ

ቱርከያ አባፎጊ ያን ቀን በክፍሉ ፊት ለምን ዝም አለች?

አብረዋት የሚማሩት ሁሉ የየራሳቸው መልስ አላቸው። ፈርታ ነው የሚል አለ። ተንኮል ነው የሚልም አልጠፋም። አንዳንዱ ደግሞ ድንገት ስለሆነባት ነው፣ ማንም ቢሆን ይደነግጣል ይላል። ነገሩን ከሁሉ አብልጣ ማወቅ የነበረባት እሷው ራሷ ናት፤ እሷ ግን ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ "እንጃ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም። ይህ ታሪክም መልሱን አያውቀውም። የሚያውቀው የሆነውን ነው።

ቱርከያ ሚዛን ተፈሪ ተወልዳ ያደገች፣ ቴፒ ላይ የዕፅዋት ሳይንስ የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አባቷ አባፎጊ በጎረምሳነቱ ከጅማ በኩል መጥቶ ሚዛን ገበያ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተ፣ ሰው በጨዋታው የሚወደው ሰው ነው። ጨርቅ ሲለካ ያወራል፣ ሲቀድ ያወራል፣ ገዢው ጨርቁን በብብቱ ይዞ ደጃፉን ከወጣም በኋላ ያወራል። ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው።

"ልጄ ቡና ቀማሽ ልትሆን ነው" ይላል። "እናንተ ቡና ትጠጣላችሁ፤ እሷ ግን ትፈርድበታለች።"

አባፎጊ አንድ ነገር ዘንግቷል። ቱርከያ አታሸትም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሳይነስ አለባት፤ የሚዛንና የቴፒ ዝናብ ደግሞ ለሳይነስ የሚራራ ዝናብ አይደለም። ጠብታውም፣ እንፋሎቱም፣ ጤና አዳሙም ተሞክሮ ሳይሆን ቀርቷል። ቤት ውስጥ ወጥ ሲያር የምታውቀው ጭሱን አይታ ነበር። እናቷ "ይቺ ልጅ ቤት ቢቃጠል የምትነቃው በሰው ጩኸት ነው" እያለች ትስቅባት ነበር። አባቷ ግን የልጅነት ጉንፋን ነው፣ ስታድግ ይለቃታል ብሎ ከልቡ አውጥቶት ኖሯል። እሷም ካደገች በኋላ አላስታወሰችውም። ቀማሽ የሚለውን ቃል ሲናገር ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታያለችና እንዴት ብላ ታስታውሰው?

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ መምህር ይሄይስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ይሄይስ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲያስተምር ማርከሩን ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀባብል ሰው ነው።

"ከእንግዲህ ሁላችሁንም በአንድ ፈተና አልሰፍርም" አለ። "ችግኝ አሳምሮ የሚያዳቅል ልጅ የቅጠል በሽታ መለየት ሊያቅተው ይችላል። የምትችሉትን አንድ በአንድ አሳዩኝ። ለእያንዳንዱ ችሎታ ባጅ ታገኛላችሁ።"

ዲጂታል ባጅ የተባለው በስልክ ውስጥ የሚቀመጥ ምልክት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ገጽ አለው። ችሎታውን ሲያሳይ በገጹ ላይ ክብ ምልክት ይበራል፤ ገጹም ያንን አይቶ ለልጁ የሚስማማውን ቀጣይ ትምህርት ይከፍትለታል። ያልቻለውን ደግሞ ወደ ኋላ መልሶ ያለማምደዋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሁለት ተማሪዎች አንድ ቦታ ላይ አይገኙም። ለመስክ ልምምድ የሚመደቡትም በባጃቸው ነው።

ቱርከያ ይህን ለአባቷ በስልክ ስትነግረው አልገባውም።

"ባጅ? አንገት ላይ የሚንጠለጠለው?"

"አይደለም አባባ፣ ስልክ ውስጥ ነው ያለው።"

"ታዲያ በስልክ ውስጥ ባጅ የትኛው ዘበኛ ነው የሚያሳልፍሽ?"

"ዘበኛ አይደለም የሚያየው። የሚቀጥረኝ ሰው ነው የሚያየው፤ ምን ምን እንደምችል።"

"እህ" አለ አባፎጊ። "እንግዲያው የቅምሻውን ቶሎ አውጪና ላኪልኝ።"

አንድ ችግር ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ችሎታውን በቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክ ነበር የታሰበው። የቴፒ ኔትወርክ ግን ቪዲዮ አይሸከምም። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኩ ቻርጅ ጨርሷል። ይሄይስ ሁለት ሳምንት ታግሶ ደንቡን ቀየረው። ቪዲዮው ቀርቶ ሁለት ተማሪዎች በየገጻቸው ገብተው "ሲሠራ አይቻለሁ" የሚለውን ይጫኑ፤ እሱም የምስክሮቹን ስም አይቶ ያጸድቃል።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው ይባላል፤ ሲጀመር ግን ማንም የሚያበላሽ አልመሰለውም።

ምስክር ማግኘት ከባድ ሆነ። ሁሉም የራሱን ባጅ ያሳድዳል፤ የሰው ሲኒ ሲቀመስ ቆሞ የሚያይ ማን አለ? ቱርከያ ባለችበት ዶርም ውስጥ መላ ያመጣችው ህሊና ናት። ህሊና የቴፒ ልጅ ናት፤ አባቷ ቢሮ ውስጥ ስለሚሠራ ነው መሰል፣ ደንብ ሲወጣ መተላለፊያው ቶሎ ይታያታል።

"ዕቁብ እንጣል" አለች፣ አልጋዋ ላይ በሆዷ ተኝታ።

"የምን ዕቁብ? ብር የለኝም" አለች ቱርከያ።

"ብር ማን ጠየቀሽ? የምስክር ዕቁብ ነው። በየሳምንቱ ዕጣ እናወጣለን። ዕጣው የደረሳት ልጅ ያን ሳምንት ንግሥት ናት። ሁለታችን እንመሰክርላታለን፣ የቀረነው ውኃ እናፈላለን፣ ሲኒ እናጥባለን። ከተራ ውጭ ግን ማንም ለማንም አይመሰክርም።"

ሰባቱም ልጆች ተስማሙ። ዕቁብ ያለ ዳኛ አይሆንምና ዳኛ ፈለጉ። ህሊና ወደ ቱርከያ አመለከተች።

"እሷ ትሁን። ወላሂ ካለች አትዋሽም።"

ሁሉም ሳቁ፤ ቱርከያም ሳቀች። ደስም ብሏት ነበር። ዳኛ ማለት ዕጣ የሚያወጣ ብቻ አይደለም። ዕቁብተኛ ሲጣላ የሚያስታርቀው፣ ነገር ሲመጣ ስለ ሁሉም ቆሞ የሚናገረው ዳኛው ነው። ይህን በሚዛን ገበያ ነጋዴዎች መሐል ያደገች ልጅ በደንብ ታውቀዋለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ንጹሕ ነበር። ዕጣ የደረሳት ልጅ ቀመሰች፣ ተመልካቾቿ አዩ፣ መሰከሩ። በሁለተኛው ሳምንት ዝናቡ ሲወርድ ዋለ፣ መብራት ጠፋ፣ ውኃውም ሳይፈላ ቀረ። "ነገ ታሳየናለች፤ ዛሬ እንጫንላትና ተራው አይለፍ" አለች አንዷ። ተጫኑላት። በማግስቱ ግን አሳዪን ያላት የለም። ከዚያ ወዲያ ሲኒውን የሚያጥብ፣ ውኃውን የሚያፈላም ቀረ። ዕጣ ይወጣል፣ ሁለት ጣት ይጫናል፣ በቃ።

ከሰባቱ መካከል እውነተኛ አፍንጫ የነበራት ሔዋን ናት። ሔዋን በሸኮ በኩል ካለ ገጠር የመጣች፣ ቤቷ በሸኮኛ የምትናገር፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የለመደች ልጅ ናት። ንግግሯ አጭር ነው። ልጆቹ "ሔዋን ቃል በካርድ ነው የምትሞላው" እያሉ ይተርቧት ነበር፤ እሷም "ካርድ ተወዷል" ብላ ትመልስላቸዋለች። መሬት ላይ የደረቀውን ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ከደረቀው በማሽተት ብቻ ትለያለች። መምህሩም ይህን በቤተ ሙከራ ስላየ የሔዋን ስም ያለበትን ምስክርነት ሳያመነታ ያጸድቃል። ልጆቹ ይህን አወቁ። ስለዚህ ዕጣው የማንም ይሁን የማን፣ ከሁለቱ ምስክሮች አንዷ ሁልጊዜ ሔዋን እንድትሆን አደረጉ። እሷም የዕቁቡ ደንብ ነው ብላ ትጫናለች።

በአራተኛው ሳምንት ዕጣው ለራሷ ለሔዋን ወጣ። ያን ሳምንት ደግሞ የልምምድ ቦታ መደልደል የጀመረበት ሳምንት ነበር። ቱርከያ ወረቀቱን ከኩባያው አውጥታ ስሙን ስታነብ ድምፅዋ ዝቅ አለ። አባቷ በዚያው ዕለት ደውሎ "ባጁ አልደረሰም እንዴ? ሰው እየጠየቀኝ ነው" ብሏታል።

ልጆቹ ሲበተኑ ወደ ሔዋን አልጋ ሄዳ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

"ሔዋንዬ፣ ዕጣሽን ልቀቂልኝ።"

በዕቁብ ይህ ነውር አይደለም። የቸገረው ሰው የደረሰውን ለምኖ ይወስዳል፤ በተራው ይመልሳል። ሔዋን ግን ችግሩን ጠየቀች።

"ታመሻል?"

"አልታመምኩም። አባቴ ለሰው ሁሉ አውርቷል። ቀማሽ ሆናለች ብሎ።"

ሔዋን ሳቀች። "አባትሽ ካወራማ ጨርሰሻል። ውሰጂው። የኔ በሚቀጥለው።"

"ልምምዱ እንዳይቀርብሽ? ሸኮ ያለው የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ነው የምትፈልጊው አይደል?"

"ቦታው እስኪሞላ ሁለት ሳምንት አለው። ውሰጂው አልኩሽ።"

ሔዋን ራሷ ለቱርከያ መሰከረች። ቱርከያ ሲኒ አልነካችም፤ ማንኪያም አላነሳችም። በማግስቱ በገጿ ላይ ሲኒ የተሳለበት ክብ ምልክት በራ። ፎቶ አንስታ ለአባቷ ላከችው። አባፎጊ ፎቶኮፒ ቤት ወስዶ በቀለም አሳተመው፣ በላስቲክ አስለበጠው፣ ከንግድ ፈቃዱ ጎን በምስማር ሰቀለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ዕጣ ሳይወጣ ይሄይስ ክፍል ገባ። ፊቱ ጠቁሯል። በወንዶቹ ዶርም ምስክርነት በካርድ ይሸጣል የሚል ወሬ ሰምቶ የሁሉንም ገጽ ሲመረምር አድሮ ነው የመጣው። ማርከሩን ሳያነሳ ቆመ።

"ሔዋን፣ ተነሺ።"

ሔዋን ተነሳች።

"የቅምሻ ባጅ ባገኙት በእነዚህ ሁሉ ልጆች ሥር ያንቺ ስም አለ። አንቺ ራስሽ ግን ባጁ የለሽም። የማትችዪውን እንዴት መሰከርሽ እንዳልል እንደምትችዪ አውቃለሁ። ታዲያ ምን ልበል? ምስክርነት የምትሸጪው አንቺ ነሽ?"

"አልሸጥኩም።"

"ሁሉንም ሲሠሩ አይተሻቸዋል?"

ሔዋን ዘወር ብላ በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጠችውን ቱርከያን አየቻት። የተቆጣ አስተያየት አልነበረም። ዕቁብተኛ ዳኛውን እንደሚያየው ነው ያየቻት፤ በይ እንግዲህ ተናገሪ፣ ያንቺ ሥራ ነው የሚል አስተያየት።

በቱርከያ ጠረጴዛ ላይ በብዕር የተጫረ የልብ ሥዕል ነበር፤ እሱን ማየት ጀመረች። ጆሮዋ ጋለ። ይሄይስ "የምታውቁት ነገር ካለ ተናገሩ" ብሎ ዕድሉን ለክፍሉ ሁሉ ሰጠ። ህሊና አሳለች። ሌላ ድምፅ አልተሰማም። የልቡ ሥዕል አንድ ጎኑ ያልተዘጋ መሆኑን ቱርከያ እስከዛሬ ታስታውሰዋለች።

"ተቀመጪ" አለ ይሄይስ።

የሔዋን ገጽ ወደ መጀመሪያው ትምህርት ተመለሰ። የመመስከር መብቷም ተነሳ። በሸኮው ጣቢያ ላይ ሌላ ልጅ ተመደበ። ዕቁቡ በዚያው ፈረሰ፤ ማንም ፈረሰ ሳይል ኩባያው ወደ ጥርስ ብሩሽ ማስቀመጫነት ተመለሰ። ሔዋን ዶርም ውስጥ ለሁሉም ሰላምታ ትሰጣለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ግን የላትም። ካርድ ተወዷል ብሎ የሚቀልድም አልነበረም።

በኅዳር ወር ገጹ የራሱን ሥራ ሠራ። ባጅ ያለው ተማሪ የሌለውን እንዲያሠለጥን ይሄይስ አስቀድሞ አዝዞት ኖሯል፤ ገጹም ቅርብ ለቅርብ ያሉትን እያየ አጣመረ። አንድ ረፋድ ላይ የቱርከያ ስልክ ድምፅ አሰማ። "ሔዋንን ቅምሻ እንድታሠለጥኚ ተመድበሻል" ይላል።

ሁለቱ በቤተ ሙከራው ተገናኙ። የቤተ ሙከራ ረዳቱ ሦስት ሲኒ ደርድሮ ወጣ። ሁለቱ ሲኒዎች አንድ ዓይነት ቡና ናቸው፤ አንዱ ይለያል፤ የሚለየው ሲኒ ከሥሩ ቀይ ነጥብ አለበት። ሔዋን በማንኪያ ሳበች፣ ተፋች፣ ቀጣዩን ሳበች።

"ይቺ ናት።"

ቱርከያ ሲኒውን ከፍ አድርጋ ሥሩን አየች። ቀይ ነጥቡ አለ። ረዳቱ ሌላ ደርድሮ ወጣ፤ ሔዋን እንደገና አገኘችው።

"ጎበዝ" አለች ቱርከያ፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላችው።

"አመሰግናለሁ፣ የኔ መምህርት።"

"ተይ ሔዋን።"

"ምኑን ልተው? ገጹ ነው ያለው። ባይሆን አንቺም ቅመሺ። መምህር ቀድሞ ያሳያል፣ ተማሪ ይከተላል።"

ቱርከያ ማንኪያውን አነሳች። የመጀመሪያው ሲኒ ትኩስና መራራ ነበር። ሁለተኛውም ትኩስና መራራ ነበር። ሦስተኛውም። በዓይኗ የሔዋንን ፊት ለመነች፤ ፊቱ ግን ምንም አልነገራት። መሐለኛውን ነካች። ሔዋን ሲኒውን አንስታ ሥሩን አሳየቻት። ነጥብ የለውም። መልሳም አስቀመጠችው።

"ሳይነስ አለብኝ" አለች ቱርከያ። "ከድሮም ጀምሮ።"

"አውቃለሁ። ዶርም ውስጥ ካልሲ ሲሸት አንቺ ብቻ ነሽ የማታማርሪው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሳሳቁ ነበር።

"ለምን አንቺ ራስሽ አልተናገርሽም?" አለች ቱርከያ። "ዕቁብ ነበረን፣ ዕጣዬን ለሷ ሰጥቻለሁ ማለት ትችዪ ነበር።"

ሔዋን ማንኪያዋን በውኃ ነክራ አወጣች። "እኔም ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ተጭኛለሁ። በዚያ ማንንም አልከስም። ግን ዕቁብተኛ አይናገርም፤ ዳኛ ነው የሚናገረው። እኛ አገር እንደዚህ ነው። እናንተ ጋ ሌላ ነው?"

"አይደለም።"

"ዳኛ ነበርሽ" አለች ሔዋን።

ቅዳሜ ቱርከያ ሚዛን ሄደች። አባቷ ካልመጣሽ ብሎ ደጋግሞ ደውሏል፤ ለምን እንደፈለጋት ሱቁ ስትገባ ገባት። የተለበጠው ባጅ ከግድግዳው ላይ ያበራል። ከባንኮኒው ፊት ጋሽ ባየ ቆሟል፤ ከማጂ መንገድ ቡና እየሰበሰበ የሚያቀርብ፣ ከአባፎጊ ጋር ለዓመታት የተላመደ ሽማግሌ ነጋዴ ነው። በእጁ ፌስታል ይዟል።

"ነይ እስቲ ቱርኬ" አለ አባፎጊ፣ ገና ሰላም ሳይላት እየሳቀ። "ጋሽ ባየ ቡናው ከገዢ ተመልሶበት ተቸግሯል። ሌላ አዋቂ ጋ ከመሄዱ በፊት አንቺ እዪለት ብዬ ነው።"

"እሷ ትፍረድ" አለ ባየ። "እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ።"

ከፌስታሉ ጥሬ ቡና ዘገነና ባንኮኒው ላይ በተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ላይ አፈሰሰ። ቱርከያ በሁለት እጇ አፈሰችው። ሔዋን እንደምታደርገው እጇን አጥፋ፣ በእስትንፋሷ አሙቃ፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ምንም የለም። የገዛ መዳፏን ከማሽተት ምንም አይለይም።

እዚህ ላይ "አላሸትም" ማለት ትችል ነበር። አባቷ ግን አፉን ከፈት አድርጎ፣ የምትለውን ቀድሞ ሊደግመው ተዘጋጅቶ እያያት ነበር።

"ጥሩ ነው" አለች። "ንጹሕ ነው።"

ባየ ወደ አባፎጊ ዞረ። በረንዳው ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገ።

"ጋሼ፣ ጄኔሬተር አስገባችሁ እንዴ? ናፍጣው እኮ እዚህ ድረስ መጣ።"

ባየ ጉሮሮውን ጠረገ። መጋዘኑ ውስጥ በርሜል ተንጠባጥቦበት ጆንያው ናፍጣ ጠጥቶ ኖሯል፤ ገዢም የመለሰበት ለዚህ ነበር። ሊያውቅ የፈለገው ቢያሰጡት ይለቀው እንደሆነ ብቻ ነው።

"ቀልዷን ነው" አለ አባፎጊ። "ልታጽናናህ ብላ ነው። የዘንድሮ ልጆች ቀልድ..." ሳቁ ሳያልቅ ተቆረጠ። ባየ ጨዋ ሰው ነውና ቡናውን ጨርቁ ላይ እንደተበተነ ትቶ "ልክ ነሽ ልጄ፣ ሲነጋ አየዋለሁ" ብሎ ወጣ። ያ "ልክ ነሽ" ከስድብ ሁሉ በላይ ቆረጣት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከዚያ በኋላ አንዲት ሴትዮ ለመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ ገባች። አባፎጊ ለካ፣ ቀደደ፣ ጠቀለለ። አንድ ቃል አልተናገረም። ሴትዮዋ ስትወጣ ልብስ ሰፊውን "ታሟል እንዴ?" ብላ ጠየቀችው።

ማታ ቱርከያ ሱቁን ልታግዘው ስትገባ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። እራት ላይ አባቷ ከትሪው የተሻለውን ሥጋ ወደሷ እየገፋ አበላት። ያም ሌላ ቅጣት ሆነባት።

እሑድ ጠዋት ዝናብ እያካፋ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጣራ ሥር ቆሙ።

"አፍንጫሽ... አሁንም ነው?"

"አሁንም ነው አባባ።"

"ለኔ ብለሽ ነው?"

"እንጃ" አለች። እንባዋ መጣ።

"እኔ ወሬ ስለምወድ ነው" አለ አባፎጊ፣ ወደ መንገዱ እያየ። "ሱቅ ውስጥ ቀኑ አይገፋም። ሰው ሲገባ አንድ ነገር ማለት አለብሽ።"

ያኔ ነው የሔዋንን ነገር የነገረችው፤ ዕቁቡን፣ ዕጣውን፣ ዝምታዋን። ጨርሳ እስክትናገር የሚኒባሱ ረዳት ሁለት ጊዜ ጠራት። አባፎጊ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳያቋርጥ ነው።

"ዳኛዋ አንቺ ነበርሽ?"

"እኔ ነበርኩ።"

"አይ" አለ። ቦርሳዋን አንስቶ አቀበላት።

ዶርም ስትደርስ ልጆቹን ሰበሰበች። ሔዋን የላይኛው አልጋ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች።

"ነገ ለቲቸር ልናገር ነው" አለች ቱርከያ።

"ምኑን?" አለች ህሊና።

"ዕቁቡን።"

"ደህና ሰነበትሽ። ባጃችንን ልታስነጥቂን ነው? የራስሽን ተናገሪ፤ እኛን አትንኪ።"

"የራሴን ነው የምናገረው። የሔዋን ስም ግን ባጅ ባገኘነው ሁላችን ሥር ነው ያለው። አንዱ ክር ከተሳበ ሁሉም ይተረተራል። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።"

"እስካሁን የት ነበርሽ ታዲያ? ወር ሙሉ ተኝተሽ ዛሬ ጽድቅ አማረሽ?"

ቱርከያ ቀና ብላ ሔዋንን አየቻት። ሔዋን ዓይኗን በመስኮቱ ላይ አድርጋ ዝናቡን ትሰማለች። ያን ሌሊት ቱርከያ ዓይኗን ሳትከድን አደረች፤ ከቅዳሜም ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አልጎበኛትም።

ሰኞ ጠዋት ይሄይስ ሰምቷት ሲያበቃ ማርከሩን ከእጅ ወደ እጅ አቀባበለ።

"ሔዋንን የከሰስኳት በክፍሉ ፊት ነው" አለ። "አንቺም እዚያው ነው የምትናገሪው። እኔም የምለው አለኝ።"

ቆመች። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ሌሊቱን ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

"ሔዋን ምስክር አልሸጠችም። ዕቁብ ነበረን። ዳኛዋ እኔ ነበርኩ። ዕጣው የሷ ነበር፤ ለምኜ ወሰድኩት። ሲጠይቋት... ስትጠየቅ ዝም አልኩ። የቅምሻ ባጄ ውሸት ነው። እኔ ቡና አላሸትም።"

ከኋላ አንዱ ልጅ "ቡና የማያሸት ቀማሽ" ብሎ ሳቀ። ሳቁን የተቀበሉት ጥቂት ናቸው። ህሊና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ቱርከያ ፊቷ ፍም መስሎ ቆማ ቀረች፤ ተቀመጪ ያላት የለምና።

"እኔም ገጹን አየሁ እንጂ ልጅቷን አላየኋትም" አለ ይሄይስ። "ሔዋን፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"እሺ" አለች ሔዋን።

የሰባቱም የቅምሻ ችሎታ በመምህሩ ፊት እንዲታይ ተወሰነ። የሸኮው ቦታ ግን ሞልቷል፤ የእሸት ቡናው ጊዜም እያለቀ ነበር። ይሄይስ ይህን ሲናገር ወደ ሔዋን ማየት አልቻለም።

ክፍሉ ሲበተን ቱርከያ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት።

"ሔዋን፣ ይቅርታ።"

"ሰምቻለሁ" አለች ሔዋን። "ቲቸር ዛሬ ቅመሺ ብሎኛል። ዕጣዬ ዛሬ ነው ማለት ነው። ደንቡ እንዴት ነበር?"

"ሲኒ እናጥባለን። ውኃ እናፈላለን።"

"በይ እንግዲያው።"

ቱርከያ ውኃ አፈላች። ሲኒዎቹን እየደረደረች፣ ሔዋን የጨረሰችውን እያነሳች፣ እያጠበች ቆየች። ሌሎቹ ልጆች አልመጡም። ሔዋን በእያንዳንዱ ድርድር ላይ ጣቷን ስትሰነዝር፣ ይሄይስም ሥሩን እያየ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ቱርከያ ከገንዳው አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አስጠበቃቸው። በመጨረሻ የሔዋን ስልክ ድምፅ አሰማ። ሔዋን አየችው፣ ኪሷ ከተተችው፣ መምህሩን አመስግና ወጣች። በቱርከያ አጠገብ ስታልፍ ያልታጠበች አንድ ሲኒ ከጠረጴዛው አንስታ ገንዳው ውስጥ አኖረችላት። ይህ ዕርቅ ይሁን ሥራ ማስጨረስ ቱርከያ አልገባትም፤ ለመጠየቅም አፏ አልደፈረም።

ሲኒዋን አጠበች። ዶርም ገብታ ስልኳን ስትከፍት በገጿ ላይ ሲኒ የተሳለበት ምልክት ጠፍቷል፤ በቦታው "ቅምሻ፦ ገና አልተጀመረም" ይላል። ህሊና በአልጋዋ ላይ ሆና ጀርባዋን አዞረችባት። ቱርከያ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ እጇ ከውኃው እንደራሰ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኗ ሳበች። ውጭ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እንቅልፍ የወሰዳት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።